ብረት ብቻ የሚሰማ ጆሮ

ሐምሌ 6 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ እሑድ

ከጠዋት ጀምሮ ሲዘንብ ዋለ። ከሰዓት በኋላ ጉም ወርዶ ከበሩ እስከ አጥሩ ያለው እንኳ አይታይም ነበር። ቤት ውስጥ የነበርነው እኔ፣ የሟች እኅቴ ልጅ ሸጋዬ፣ ጎረቤቴ ኑርጃን እና ዘማቿ ብርሀንነሽ ነን።

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ብርሀንነሽ ናት። በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ከዩኒቨርሲቲ የመጣች ልጅ ናት። ፊደል የለየሁት ባለ ሱቁ ስኳር ከሚጠቀልልበት ጋዜጣ ቅዳጅ ላይ መሆኑን ስነግራት፣ እንግዲያው ሙሉ ገጽ ይገባዎታል ብላ አመጣችልኝ። የቀኑን አየርና የነበረውን ሰው አስቀድሜ እንድጽፍ የመከረችኝም እሷ ናት።

የዛሬው ወሬ ይህ ነው። የአብዮቱ አንደኛ ዓመት መስከረም 2 ቀን ደሴ ላይ ሲከበር ከየአውራጃው ዘፋኝና ተጫዋች ይሰበሰባል። መራጮቹ በነሐሴ መጨረሻ መካነ ሰላም ይመጣሉ። የተመረጠው ደሴ ባለው የኪነት ቡድን ውስጥ ይቀራል፤ ምግብ አለው፣ አልጋ አለው። ሸጋዬ ክራር ስትመታ ከዚህ እስከ ወግዲ የሚስተካከላት የለም። አድልቼላት አይደለም። ክራሩን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ጅማቱንም ከበግ አንጀት የማከርረው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የምሰማውን አውቃለሁ።

ባትመረጥስ? ጎታው ውስጥ ያለው ገብስ እስከ አዲሱ እህል ሁለት ሰው አያደርስም። አንድ ሰው ያደርሳል። ይህን ለሸጋዬ አልነገርኋትም። ትመረጣለች።

አንድ ነገር ብቻ ይጎድላል። ዘማቾቹ በመኪና ባትሪ የሚሠራ ድምፅ ማጉያ አላቸው፤ ማይክራፎኑ ግን አንድ ነው፣ እሱም ለአፍ ነው። አደባባይ ላይ ክራር በእጅ ብቻ ቢመታ ፊት ከቆመው ሰው አያልፍም። ብርሀንነሽ፣ ክራሩ የራሱ ፒካፕ ያስፈልገዋል አለች። ኑርጃን በሳቅ ፈረሰች። እኛ ፒካፕ የምንለው ኋላው ክፍት የሆነውን የጭነት መኪና ነዋ።

"ለክራር መኪና? ለኛም በቅሎ የለን።"

ብርሀንነሽ አስረዳችን። ፒካፕ ማለት ቀጭን ሽቦ የተጠመጠመበት ማግኔት ነው፤ ከጊታር አውታር ሥር ይቀመጣል፤ አውታሩ ሲርገበገብ ሰምቶ ለማጉያው ያደርሳል። እንግዲያስ ጆሮ በይው አልኋት። ከዚያ በኋላ ሁላችንም ጆሮ አልነው። ደሴ ውስጥ ጊታር የሚጠግን የምታውቀው ሰው ስላላት በስልክ እንጠይቀዋለን።

የሰኔ ጾም ትናንት ተፈታ። እኔ ስለት አለብኝ ብዬ ቀጥያለሁ። ሸጋዬ የኔን ንፍሮ ጨምራ በላች። ኑርጃን፣ እሑድ ደግሞ የምን ጾም ነው፣ እኔ እስላሟ እንኳ ይህን አላጣውም አለችኝ። ስለት ቀን አይመርጥም አልኋት።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

ዝናብ። በጥድፊያ ነው የምጽፈው። ስልክ ቤት ሄድን። መስመሩ ያቃስታል። ንጉሡ የሚባለው ስልከኛ አንገቱ እስኪገተር እየጮኸ አስተላለፈልን። "ፒካፕ! አዎ፣ ፒካፕ ነው ያልሁት! ለመካነ ሰላም!" በረንዳው ላይ ዝናቡ እስኪያባራ የሚጠብቁ ሰዎች ሞልተው ነበር። ደሴ እሺ አለች። ነጋዴው በሽር በቅሎዎቹን ይዞ ሲመለስ ያመጣልናል።

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

ጉም፣ ብርድ። እኔና ሸጋዬ ብቻ ነን።

ከአቀስታ በሚመጣው መንገድ አፍ ላይ ሰው ተቀምጧል። መጀመሪያ የረሃብተኞቹ መጠለያ ሞልቶባቸው የመጡ መሰሉኝ። ሳልፍ አንዱ ለሌላው ሲያወራ ሰማሁ። ፒካፕ ይመጣል፤ ስልከኛው ራሱ ሲናገር በጆሮዬ ሰምቻለሁ አለ። በሐምሌ ጭቃ መኪና የት ይገባል አለው ያኛው። ንጉሥ ያወረደ መንግሥት ጭቃ ያቅተዋል? ብሎ መለሰለት። እህል ነው የሚጭነው፤ ከዚህ ወዲያ ምን ይጭናል።

ከማሻ በኩል የመጣች እማማ አልታዬ የምትባል ባልቴት አለች። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ባዶ ጣሳ ታቅፋለች። ልጇንና የልጅ ልጇን መንገድ ላይ ቀብራ ነው የመጣችው። እናቴ፣ የሚመጣ የእህል መኪና የለም አልኋት። ቀስ ብዬ ነው ያልሁት። ጆሮዋን ወደኔ አዘንብላ፣ "አልሰማሽም ልጄ። የኔ ጆሮ የሚሰማው እህል ሲፈስ ብቻ ነው" አለችኝ። አጠገቧ ያሉት ሳቁ። ሰው ሲበዛ ድምፄ አይወጣም። ነገ ጮክ ብዬ እነግራቸዋለሁ።

ሐምሌ 23፣ ረቡዕ

በሽር ገባ። በቅሎዎቹ እስከ ሆዳቸው ጭቃ ናቸው። መንገድ አፍ ላይ ያሉት ተነሥተው ከበቡት፤ ፒካፑን የት ጥለኸው መጣህ አሉት። በሽር ቀልድ ካገኘ እናቱንም አይምር። ከብብቱ በጥጥ የተጠቀለለ ነገር አወጣ፤ ርዝመቱ ጣት አያህልም። "ይኸውላችሁ ፒካፑ። ጎማውን አቀስታ ላይ ሸጬዋለሁ" አላቸው።

ወጣቶቹ ሳቁ። እማማ አልታዬ እጇን ዘርግታ ተቀበለችው፤ አገላብጣ አየችው፤ አሸተተችውና መለሰችለት። ይህ የክራሩ ነው፣ የእህሉ ገና ነው ብላ ሄዳ ድንጋይዋ ላይ ተቀመጠች። ሌሎቹም ተከትለዋት ተቀመጡ።

በሽር ሳቁ አፉ ላይ ቀረ። እኔ እዚያው ነበርሁ። የእህል መኪና አልተጠራም ብሎ መናገር የኔ ፋንታ ነበር፤ ስልክ ቤት የሄድሁት እኔ ነኝ። ነገ እነግራቸዋለሁ።

በሽር ሌላም ነገር አምጥቷል። አንደኛው የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ነው፤ ሲፈታ ብዙ ቀጫጭን የብረት ክር ይወጣዋል። ሁለተኛው ደግሞ እንደ ወርቅ የሚያበራ ወፍራም የናስ አውታር ነው። ይህን ደሴ ያለው ጊታር ጠጋኝ ስጦታ ነው ብሎ ነው የላከው አለ። ሸጋዬ ናሱን እንዳየች ወደደችው።

ሐምሌ 25፣ ዓርብ

ካፊያ። ብርሀንነሽ፣ ሸጋዬ፣ እኔ።

ለብርሀንነሽ፣ የኔን ጅማት የማይሰማ ጆሮ አልተፈጠረም ብያት ነበር። ጆሮውን የክራሩ ሆድ በሆነው ገበቴ ላይ፣ አውታሮቹን ከሚሸከመው ብርኩማ ከፍ ብሎ፣ ቆዳውን እንዳይነካ በሁለት እንጨት አሰርሁት። ማጉያውን ከፈትን። ሸጋዬ መታች። ክራሩ በእጇ ላይ እንደ ወትሮው ይዘፍናል፤ ማጉያው ግን ድዳ ሆነ። ሽቦውን ነቅዬ ሰካሁ። ጅማቱን አጠበቅሁ። ምንም የለም። ጆሮው ተበላሽቶ መጥቷል አልሁ።

ብርሀንነሽ አልተከራከረችኝም። ምስማር ፈልጋ ወደ ጆሮው አስጠጋችው፤ ምስማሩ ከእጇ አምልጦ ጥብቅ አለ። ቁራጭ ጅማት አንሥታ አስጠጋች፤ ዝም። ይህ ነገር ድምፅ አይሰማም፣ የሚሰማው ብረት ሲንቀሳቀስ ነው አለችኝ። ልክ ናት። የሳትሁት በቁሱ ነው፤ በሥራው አልሳትሁም። የሚፈልገው ብረት ከሆነ ብረት ይሰጠዋል።

ናሱንም ሞከርነው። በእጅ ሲመታ ከሁሉም ይጣፍጣል፤ ወፍራምና ሞቅ ያለ ድምፅ አለው። ለጆሮው ግን ከበግ አንጀት አይሻልም። ሸጋዬ ደጋግማ መታችው። "ይህን የመሰለ ድምፅ እንዴት አይሰማም?" አለች። ብዙ ነገር አይሰማም አልኋት።

ነሐሴ 1፣ ሐሙስ

ሌሊቱን በረዶ ጣለ፤ ጠዋት አጥሩ ሥር ነጭ ሆኖ ታየ። ፍልሰታ ዛሬ ገባ። ከእንግዲህ ለምን ትጾሚያለሽ የሚለኝ የለም።

ይህን ሳምንት የሠራሁትን ልጻፍ፤ ደስ ብሎኛል።

ብረት እንደ ጅማት ገር አይደለም። መጀመሪያ የወጠርሁት ዕለት አውታሮቹ የሚታሰሩበት አግዳሚ እንጨት፣ ቀንበሩ፣ እንደ ቀስት ጎበጠ። አውልቄ የወይራ ቀንበር አደረግሁለት። አውታሩ የሚጠመጠምበትን ጨርቅ ብረቱ እንደ ምላጭ ቆረጠው፤ በጠፍር ተካሁት። ቆዳው በክረምቱ እርጥበት ላልቶ ነበር፤ ጧት ጧት ፍም ላይ አሞቀዋለሁ።

ከዚያ ማዛመዱ መጣ። ጆሮው የተሠራው ለጊታር ነው፤ በላዩ ላይ ስድስት የብረት ነጥብ አለው፣ አንዳንዱ ለአንዳንድ አውታር። የክራሩ አውታሮች ግን ወደ ቀንበሩ እንደ ጣት ተበታትነው ይሄዳሉ። ሁለቱ በነጥብና በነጥብ መካከል ወድቀው ነበር፤ እነሱ በሹክሹክታ ነው የሚናገሩት። የብርኩማውን ጥርስ ደፍኜ እንደገና በቢላ ከፈትሁት፤ አሁን እያንዳንዱ በነጥቡ አናት ላይ ያልፋል።

ውፍረቱ ደግሞ ሌላ ነው። የፍሬኑ ሽቦ ክር ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ቀጭኖቹን ለብቻ ወጠርሁ፤ መካከለኞቹን ሁለት ሁለት አከረርሁ፤ ዜማው ተመልሶ የሚያርፍባትን የመጨረሻዋን ዝቅተኛ አውታር ግን ሦስት ክር አድርጌ አከረርኋት። ማጉያው ሲከፈት ወፍራሟ ጮኸች፤ ቀጭኖቹን ዋጠቻቸው። ብረት በበዛ ቁጥር ጆሮው አብዝቶ ይሰማል። ብርሀንነሽ፣ ጆሮውን አዘንብለን እንሞክር አለች። በወፍራሟ በኩል ዝቅ፣ በቀጭኖቹ በኩል በአንድ እጥፍ ቁርበት ከፍ አደረግነው። ትንሽ ዝቅ፣ እንደገና ትንሽ ከፍ። ስድስቱም እኩል ሲናገሩ ብርሀንነሽ ሳታስበው ሳመችኝ።

ሸጋዬ አምባሰልን ቃኝታ መታች። ዘማቾቹ ካሉበት ቤት ድምፁ ገበያው ድረስ ተሰማ። እሷ ግን ፊቷ አልበራም። ደክሟት ይሆናል።

መንገድ አፍ ላይ ያሉት ሰዎች በዝተዋል። ነገ።

ነሐሴ 5፣ ሰኞ

ዝናብ። ሸጋዬ የዝቅተኛዋ አውታር ተበጠሰች አለችኝ። በቦታዋ ናሱን ወጥራዋለች። አምስቱ ይሰማሉ፤ ዜማው ሊያርፍ ሲል ባዶ ይሆናል፤ ደረጃ ሲወርዱ የመጨረሻውን እንደማጣት ነው። ሦስት ክር አከረርሁና ሌላ ሠራሁ። ምን ችግር አለው፣ ሽቦው አላለቀም።

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

እንደገና ተበጠሰች አለች። በሽር አሮጌ ሽቦ ሸጦልን ይሆናል። እርጥበቱም ይሆናል፤ ብረት ይዝጋል። ሦስተኛ አከረርሁላት። ስባሪውን አምጪልኝ ብላት ጥያለሁ አለች። ጣቷን አየሁት፤ ብረት ሲበጠስ ይጠብሳል፤ ጣቷ ግን ደኅና ነው። እግዜር ይመስገን።

ኑርጃን የሽሮ ፍትፍት በቅጠል ሸፍና አመጣች። ቅቤ የለውም፣ ለጾምሽ ይሆናል አለች። በልቻለሁ ብዬ ለሸጋዬ አስቀመጥሁላት። ኑርጃን ሳትቀመጥ ቆማ አየችኝ። "አስቻለች፣ የኛ ረመዳን እንኳ ጀምበር ስትጠልቅ ይፈታል። ያንቺ ጀምበር የት ሄዳ ነው?" አለችኝ። ሥራ ይዤ ነው አልኋት። አላህ ያግራልሽ ብላ ወጣች።

ነሐሴ 12፣ ሰኞ

ትናንት ሌሊት ጣራው ማፍሰስ ጀመረ። ሸጋዬ ውሃ ስትቀዳ መሰላል አቁሜ ሣሩን ልጠቀጥቅ ወጣሁ። ከማገሩ በላይ እጄ ብረት ነካ። ሁለት አውታር ናቸው፤ ሦስት ሦስት ክር፣ ተጠቅልለው የተቀመጡ። የእጅ ሥራዬን አውቀዋለሁ። አልተበጠሱም። ጫፋቸው እንኳ አልተነካም።

እንደነበሩ መልሼ አስገባኋቸው። ሣሩን ጠቀጠቅሁ።

ለምን እንደደበቀቻቸው አልጠይቃትም። ከጠየቅኋት እሷም የምትጠይቀኝ አላት።

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

ጠዋት ፀሐይ ወጣች፤ ከቀትር በኋላ ዝናብ። ሸጋዬና እኔ።

ኪዳነ ምሕረት ዘንድሮ ዓርብ ላይ ስለዋለች ሰው የፈሰከው ዛሬ ነው። ጎረቤት ሁሉ ያለውን ያህል ቀመሰ። እኔ የጳጉሜን ጾም ከወዲሁ ልያዝ አልሁ። ሸጋዬ ገንፎውን ከመካከላችን አስቀምጣ እጇን አጥፋ ተቀመጠች። የምትናገረውን ስታጠነጥን የቆየች ይመስለኛል። ከሕፃንነቷ ጀምራ እንደ ሽማግሌ አክብራ በብዙ ቁጥር ነው የምትጠራኝ፤ ስትቆጣም አትተወውም።

"እቴቴ፣ እናንተ መቼ ነው የምትፈስኩት?"

"ጊዜው ሲደርስ።"

"ጊዜው መቼ ነው የሚደርስ?"

"አንቺ ደሴ የሄድሽ ዕለት" አልኋት። ከአፌ አመለጠኝ። መልሼ የምይዘው ነገር አልነበረም።

"እኔ ከሄድሁ ብቻችሁን ትሞታላችሁ" አለችኝ።

"ካልሄድሽ ተያይዘን ነው" አልኋት።

ገንፎውን ሁለታችንም አልነካነውም። በኋላ ተነሥቼ ወጣሁ፤ ስመለስ ግማሹን በልታ ግማሹን አስቀምጣልኛለች። ሳልፈልግ አይደለም የተውሁት። ግማሹ ለነገ ይሆናታል።

ዛሬ ክፉ ቃል ተናግሬአለሁ። ክራሩን ግን እንደ ወትሮው ፍም ላይ አሞቅሁት። ትሄዳለች።

ነሐሴ 20፣ ማክሰኞ

ከመጠለያው ዛሬም ሬሳ ወጣ። ዘማቾቹ ሲቀብሩ ዋሉ፤ ብርሀንነሽ ልምምድ አልመጣችም። በሽር የአቀስታ መንገድ ተቆርጧል ይላል። መንገድ አፍ ላይ ያሉት ግን አልተነሡም። ዛሬ ልነግራቸው ሄጄ ነበር። እማማ አልታዬ ቦታ ለቀቀችልኝ፤ ፒካፕ የምጠብቅ መሰላት። ተቀመጥሁ። ሳልናገር ተመለስሁ።

ኑርጃን አንድ ነገር ነገረችኝ፤ መንገር አልነበረባትም። ሸጋዬ እሷ ቤት ገብታ፣ መራጮቹ ሲመጡ ክራሩ ድዳ ከሆነ ማንም አያስገድደኝም ብላታለች። አልቅሳለችም። ስለምን እንደምታወሪ አላወቅሁም አልኋት። ኑርጃን፣ "አብሽሪ" አለችኝ፤ "እኔም ምንም አልነገርሁሽም።"

ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ

ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ሸጋዬ ልምምድ ላይ ነበረች። ኑርጃን ብቻ መጥታ በር ዘግታልኝ ተቀመጠች።

ዛሬ በሕይወቴ ሠርቼው የማላውቀውን አውታር ሠራሁ።

የናስ አውታሩን ከተሰቀለበት አወረድሁ። በፍም አሞቅሁት፤ ሲለሰልስ በመዶሻ ቀጠቀጥሁ፤ ከባለ ሱቁ ባመጣሁት ወፍራም ቆርቆሮ ላይ በበሳሁት ቀዳዳ እያሳለፍሁ ጎተትሁት። ቀጠነ። እንደገና ከዚያ በጠበበ ቀዳዳ። ሁለት ጊዜ ተቆርጦ ሁለቱንም ጊዜ ቀጠልሁት። ከዚያ አንድ ጠንካራ የፍሬን ሽቦ ክር ከምሰሶው እስከ በሩ ወጠርሁ፤ ጫፉን በኑርጃን እንዝርት ጉጥ ላይ አሰርሁ። ኑርጃን እንዝርቱን አሾረች፤ እኔ ናሱን ጥግ ጥጉን እያስጠጋሁ አለበስሁት። ጥጥ ስትፈትል ያደገች ሴት እጇ አይስትም። ስንጨርስ ከውጭ የሚታየው ጥርት ያለ ናስ ነው፤ ብረቱ በጭራሽ አይታይም።

ኑርጃን ብርሃን ላይ አገላብጣ አየችው። "ይህስ ሙሽራ ነው" አለች። ልብሱ ናስ ነው፣ ልቡ ብረት ነው አልኋት።

ማጉያው ዘማቾቹ ጋ ስለሆነ አልሞከርሁትም። ምስማር አስጠጋሁለት፤ ምስማሩ አልተሳበም፤ አይሳብም፤ ጆሮው ግን የራሱ ማግኔት አለው። ይሰማል። አውቃለሁ።

አሮጌው ናስ በነበረበት ምስማር ላይ ሰቀልሁት። ግራጫዋ የብረት አውታር ክራሩ ላይ እንዳለች ናት። ሌላ ምንም አልነካሁም።

ነሐሴ 27፣ ማክሰኞ

ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት አባራ። ሰማዩ ታጥቦ ነበር።

ገና ሳይረፍድ ከመንገድ አፍ ጩኸት ተሰማ። መራጮቹ መጡ፤ የመጡትም በፒካፕ ነው። ጎማው ላይ ሰንሰለት አስረው፣ በየጭቃው ሌሊት አድረው። እዚያው መግቢያው ላይ ያለ ረግረግ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ለወር ያህል የጠበቁት ሰዎች ተነሥተው ገፉት። ቆሞ መሄድ የማይችል ሰው ሁሉ ትከሻውን ሰጠ። ሲወጣ እልል አሉ። እማማ አልታዬ ከኋላ ሸራውን ገለጠች። ውስጡ ከበሮ ነበር፤ ወንበርና ባትሪም ነበር። ሸራውን መልሳ አለበሰችው። ማንም አልተሳደበም። ቢሳደቡ ለነሱም ለኔም በቀለለ ነበር።

ቤት ስመለስ ሸጋዬ ክራሩን ይዛ ተቀምጣለች። የብረቷ ተበጠሰች፤ ናሷን ወጠርሁ አለችኝ። ዓይኗን አላነሣችም። ይሁን፣ ናስም ያምራል አልኋት። የቀረውን ቃኘሁላት። ዝቅተኛዋን ስቃኝ እጄ ላይ የብረቱን ክብደት አወቅሁት፤ እሷ ግን ለክብደቱ ልብ አላለችም፤ ሐሳቧ ሌላ ጋ ነበር።

አደባባዩ ሙሉ ነበር። ያ ሁሉ ጠባቂም መጥቷል፤ የት ይሄዳል። ሸጋዬ ወንበሩ ላይ ወጣች። ብርሀንነሽ ሽቦውን ሰካች። ሸጋዬ አምስቱን አውታር ዳበሰች፤ ማጉያው እኩል እኩል አወጣቸው። ዜማው መውረድ ጀመረ። ጣቷ ናሷ ላይ ሲያርፍ የሚመጣውን ዝምታ ጠብቃ ፊቷን አዘጋጅታ ነበር።

አውታሯ ተናገረች። እንደ ከበሮ ነው የወጣችው፤ ከሁሉም ይልቅ እሷ ደረቴን መታችው። አንድ ሕፃን ደንግጦ ወደ እናቱ ተጠጋ።

ሸጋዬ እጇን አነሣች። አውታሯን አየች። ከዚያ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል እኔን ፈልጋ አገኘችኝ። ፊቴን አላዞርሁም። እንደገና ነካቻት፤ እንደገና ተናገረች። ባለ ኮፍያው መራጭ ቀጥዪ አላት። ያን ጊዜ ዘፈነች። ቁጣ ነበረባት፤ ለኔ የሆነ ቁጣ። እንዲህ ስትዘፍን ሰምቻት አላውቅም። መንገድ አፍ የነበሩት ወደፊት ተጠጉ፤ እማማ አልታዬ ጣሳዋን እንደታቀፈች ከፊት ቆማ ነበር።

መረጧት። ሌላ ማንም አልተመረጠም። ደመና ሳይመጣ ልንመለስ ይገባል ብለው ወዲያው ተነሡ። ዕቃዋ አንድ ነጠላና ክራሩ ነው። ከኋላ፣ ከበሮው አጠገብ አስቀመጧት። ልስማት ስጠጋ አንገቴን ይዛ በጆሮዬ፣ "ከናሱ ሥር ብረት አለ?" አለችኝ።

"አለ።"

"እንግዲያው ቃላችሁን ታከብራላችሁ። ነገ ጠዋት ትፈስካላችሁ።"

"እፈስካለሁ" አልኋት።

መኪናውን እነዚያው ሰዎች ገፍተው አወጡት። እኔም ገፋሁ።

አሁን ቤቱ ጸጥ ብሏል። ማገሩ ላይ ወጥቼ አየሁ፤ የብረት አውታሮቹ ሦስት ሆነዋል።

ነሐሴ 28

ፀሐይ። ብቻዬን።

ቀድሜ ተነሣሁ። እሳት አነደድሁ። ጎታውን ከፍቼ ገብስ አወጣሁ፤ ለአንድ ሰው ከሚሆነው አበዛሁት። አጠብሁት፣ ቆላሁት፣ ፈተግሁት። በእንቅብ አድርጌ ነጠላዬን ደርቤ ወደ መንገዱ አፍ ሄድሁ።

ብዙዎቹ ሌሊቱን ሄደዋል። እማማ አልታዬ ድንጋይዋ ላይ ናት። ከኋላዋ ያሉትም እንዲሰሙ ቆምሁ። የእህል መኪና አልተጠራም አልሁ፤ ስልኩ ላይ የተባለው ለክራር ነበር፤ አስደዋይዋም እኔ ነኝ። ድምፄ ወጣ። ሰዎቹ አዩኝ። አንዱ እያጉረመረመ ተነሥቶ ከረጢቱን አነሣ። እማማ አልታዬ ጆሮዋን ወደኔ አዘነበለች።

ቆሎውን ጣሳዋ ውስጥ አፈሰስሁት። ጣሳው ጮኸ።

"አሁን ሰማሁ" አለችኝ።

ቦታ ለቀቀችልኝ። ተቀመጥሁ። የቀረውን ለቀሩት አዞርሁና ከእንቅቡ አንድ እፍኝ ለራሴ አስቀረሁ። ሁለታችንም መንገዱን እያየን ቆረጠምን። ዕለቱ ረቡዕ ነበር፤ ጾም።